የእትዬ መርፌ ጉንዳን

አክስቴ መሞቷን የሰማችው ከሬዲዮ ነው።

ያን ዕለት ሁለታችንም ሥራ ላይ ነበርን፤ በሴቶች ትምህርት ቤቱ የልብስ ስፌት ክፍል ውስጥ። እሷ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ትቀመቅማለች፣ እኔ የነጭ ሸሚዝ ክምር ፊቴ ተቆልሎ ካውያ እገፋለሁ። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ሆኖ ለራሱ ያወራል። በመሃል የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፤ ማር የተቀባ ድምፅ። «ተነሱ፣ ንቁ፣ ትችላላችሁ» እያለች ከአዳራሽ አዳራሽ የምትዞር፣ እንጀራዋ አነቃቂ ንግግር የሆነ ሴት ናት። ስሟን መጥራት ስለምጠየፍ እኔ «አነቃቂዋ» እላታለሁ።

«እኔን ሰው ያደረገችኝ ትምህርት ቤት ታላቄ የነበረች ልጅ ናት» አለች አነቃቂዋ። «ታላቅ ታናሿን ትሸፍናለች የሚለውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ምን ያደርጋል፣ በለጋነቷ ተቀጠፈች። ዛሬም ንግግሬን ስጀምር ነፍሷን አስባለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። ጋዜጠኛውም አብሯት ቁና ቁና ተነፈሰ።

የአክስቴ እግር ከመኪናው ፔዳል ላይ ቆመ።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መሞቴን።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተመለሰ። ያቺ ሞተች የተባለችው ታላቅ የገዛ አክስቴ ነበረች። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከእናቴ ጡት ጋር የጠጣሁት ቂም ነው ብል አላጋነንኩም።

አክስቴን ተማሪዎቹ «እትዬ መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች ናት፣ ስትናገርም ትወጋለች። መርፌዎቿን ጋውኗ አንገትጌ ላይ ስለምትሰካ የሚያቅፏት ልጆች ጉንጫቸውን አዙረው ነው። ቁልፍ የጎደላት ልጅ ስትመጣ «በላሽው እንዴ? ምሳ አልነበረም?» ብላ ትጮህባታለች፣ እየጮኸች ግን ትተክልላታለች። እናትና አባቷ አዲስ ዩኒፎርም መግዛት ያልቻሉላትን ልጅ ደግሞ ሳትጠየቅ ታውቃታለች፤ ጠርታ የቀሚሷን እጥፋት ትለቅላታለች፣ «አደግሽብኝ አንቺ አጋሰስ» እያለች። ልጅቱ ሳታፍር ትወጣለች። ይህንን ሁሉ የምታደርግ ሴት ቂመኛ አትመስልም። ናት። እንዲያውም እንደ እሷ ቂም የሚያውቅበት ሰው አላየሁም፤ እኔ ራሴ ከእሷ ጋር ስወዳደር ጀማሪ ነኝ።

ትምህርት ቤቱ የቆየ ነው። የድንጋይ ደረጃዎቹ መሃላቸው በጫማ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በዚያው ደረጃ የወጡባቸው ቤቶች አሉ። የትምህርት ቤቱ ኩራት ግን ደረጃው አይደለም፣ መጋረጃው ነው። በአዳራሹ መድረክ ላይ የሚዘረጋው ትልቅ መጋረጃ ከሱቅ አልተገዛም። እያንዳንዷ ተማሪ ትምህርቷን ስትጨርስ ከዩኒፎርሟ ጫፍ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ትቆርጣለች፣ የወደደችውን ምልክት ትጠልፍበታለች። በምረቃው ቀን ስሟ በአዳራሹ ይጠራል። «አቤት» ብላ ትነሳለች፣ ቁራጯን ይዛ ወደ መድረኩ ትወጣለች፣ በሁሉም ፊት ከመጋረጃው ጋር ትሰፋዋለች። ወፍ አለ፣ ማንኪያ አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ አንዷማ የሒሳብ አስተማሪዋን አፍንጫ ጠልፋ እስከዛሬ ይሳቅባታል።

የመጨረሻውን ቋጠሮ ግን ራሷ አታስርም። በዚህ ትምህርት ቤት የራሷን ቋጠሮ ራሷ ያሰረች ሴት የለችም። አዲስ ገቢ ሁሉ ከእሷ ከፍ ካለው ክፍል አንዲት ታላቅ ይሰጣታል። ታላቅ ታስጠናለች፣ ትመክራለች፣ ስታጠፋ ትሸፍናለች። ታናሽ ደግሞ በመጨረሻ ብድሯን ትመልሳለች፤ የታላቋን ቋጠሮ የምታስረው እሷ ናት። ከዓመታት በኋላ ክሩ አርጅቶ ቁራጭ ከወደቀ ተራው ይገለበጣል፤ ሲመለስ የምታስረው ታላቅ ናት። ታላቅ በሕይወት ከሌለች ስሟ በአዳራሹ ይጠራል፣ ሁሉም ይቆማል፣ ከዚያ በእሷ ፈንታ ሌላ ሰው ያስራል። መጋረጃው ቀዳዳ እያለውም ዝግጅት አይዘጋም። ትንንሾቹ ልጆች በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨምረውበታል። እህቷን የከዳች ልጅ ቁራጭ አይበረክትም ይላሉ።

አክስቴ ለመጨረስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ቁራጯ ተዘጋጅቶ ነበር። የጠለፈችበት ጉንዳን ነው። አያቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር ያስተማረቻት፤ ጉንዳኗ እናቷ መሆኗ ነው። እኔ ብሆን ንብ እጠልፍ ነበር፤ ቢያንስ ትናደፋለች።

በዚያ ዘመን መጋረጃው ከታች የወርቅ ቀለም ያለው ዘርፍ ነበረው። የአክስቴ ታናሽ፣ የዛሬዋ አነቃቂ፣ ለአንድ ግብዣ ፀጉሯን ልታስርበት ፈልጋ ከዘርፉ ቆረጠች። የቆረጠችው ከአክስቴ በተዋሰችው መቀስ ነው፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር የተጠመጠመበት መቀስ። ቆርጣ ስታበቃ መቀሱን እዚያው ጥላው ሄደች። በማግስቱ ጠዋት የያኔዋ ዳይሬክተር ሁሉንም ሰብስባ መቀሱን ከፍ አደረገች።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች አክስቴ።

«አንቺ ነሽ የቆረጥሽው?»

አክስቴ ዝም አለች። ታላቅ ታናሿን ትሸፍናለቻ! ደግሞም ለታናሿ ጊዜ መስጠቷ ነበር። እጇን እስክታነሳ ጠበቀች። ዞር ብላ አየቻት። አነቃቂዋ ጫማዋን ታይ ነበር። የዚያን ጫማ ቀለም፣ የማሰሪያውን አቋጠር ሳይቀር አክስቴ ዛሬም ትነግራችኋለች። በዚያው ቀን ተባረረች። ፈተናውን አልተፈተነችም፣ ስሟ አልተጠራም፣ «አቤት» አላለችም። አያቴም ለምረቃው ብላ ያሰፋችውን ቀሚስ ሳትለብሰው ሞተች።

«ብትዋሽብኝ ይሻለኝ ነበር» ትላለች አክስቴ። «አልዋሸችም እኮ። ማንም አልጠየቃትም። እኔ ለእሷ ብዬ ዝም አልኩ፣ እሷም ለራሷ ብላ ዝም አለች።»

ከዚያ በኋላ ገበያ መሃል በአንድ መኪና የሰው ልብስ ስትሰፋ ኖረች። የትምህርት ቤቱ ሰፊ በእርጅና ስትወጣ ቦታው ክፍት ሆነ። እናቴ «ያባረረሽ በር ድረስ ሄደሽ ልትለምኚ ነው?» ብላ ጮኸችባት። አክስቴ ግን ሄደች። የድሮ ሰው አልቆያትም፤ ያወቃት አልነበረም። ለምን እንደተመለሰች ስጠይቃት «መጋረጃው እዚያ ነዋ» አለችኝ፣ ሞኝ ያናገረች ይመስል። እኔም ትምህርቴን እዚያው ጨርሼ አጠገቧ ሥራ ያዝኩ።

ጉንዳኗ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ በመኪናው መሳቢያ ተቀምጣ ኖረች። መጋረጃው በአክስቴ እጅ ነበር፤ የምትጠግነው እሷ፣ የምታራግፈው እሷ። በፈለገችው ከሰዓት በኋላ ጉንዳኗን ልትሰፋት ትችል ነበር። ይህንን ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ቋጠሮውን ማን ያስርልኛል?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አነቃቂዋ ግን መርሳት ብቻ አልበቃትም፤ ገደለቻት። ገድላም አልቅሳ ሰው አስጨበጨበችባት። ሬዲዮውን ከሰማን ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ዳይሬክተሯ ወደ ክፍላችን መጣች፤ ፊቷ በርቷል። ያሁኗ ዳይሬክተር ደግ ሴት ናት፣ ከሩቅ ተዛውራ የመጣች፣ ከታሪኩ ምንም የማታውቅ።

«እትዬ፣ መጋረጃው ይውረድና በደንብ ይራገፍልን» አለች። «ለትምህርት ቤቱ ልደት ትልቅ እንግዳ አግኝተናል። የቀድሞ ተማሪያችን ናት። ስለ መነሳሳትና ስለ እህትማማችነት መንፈስ ልትናገርልን ፈቃደኛ ሆናለች።»

ስሟን ነገረችን። እኔ ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረሳሁት። የጭሱ ሽታ ነው ያነቃኝ፤ በሕይወቴ አነቃቂዋ ያነቃችኝ ያኔ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሯ ስትወጣ ሐሳቦቼን መደርደር ጀመርኩ። ሻይዋ ውስጥ ሳሙና እንጨምር አልኩ። ወንበሯ ላይ መርፌ እንትከል አልኩ። ማይክ ይዤ ወጥቼ ጉዷን ላፍርጠው አልኩ። አክስቴ አዳመጠችኝ።

«ያ የልጅ ነው» አለች። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ስሜን በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት፣ እሷ በገዛ አፏ ትጥራው። ሌላ አልፈልግም።»

«እንዴት አድርጋ ትጠራዋለች? አትጠራውም!»

«ትጠራዋለች። ሞቻለሁ እኮ። የሞተ ሰው ስም ለመጥራት ማን ይፈራል?»

መጋረጃውን አውርደን በአዳራሹ ወለል ላይ ዘረጋነው። የአነቃቂዋን ቁራጭ ለማግኘት አልተቸገርንም። ፀሐይ ነው የጠለፈችው፤ ሌላ ምን ትጠልፋለች! ቦታውም ከመሃል፣ በዓይን ቁመት ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ልደት ላይ የምትናገር የቀድሞ ተማሪ ሁሉ የራሷን ቁራጭ በእጇ ይዛ ነው የምትናገረው። አክስቴ ይህንን ታውቃለች። ምላጯን አወጣች፣ ተንበረከከች፣ የፀሐይዋን ስፌት ዙሪያውን ትተረትር ጀመር። አንድ ክር ብቻ ስትቀር አቆመች።

«ምነው ጨርሰሽ ብታቃጥይው?» አልኳት።

«እሳት ቶሎ ያልቃል» አለች፣ ጉልበቷን እያራገፈች ተነሳች።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በዚያ ሳምንት ሸሚዝ ስተኩስ እዘፍን ነበር።

በልደቱ ቀን አዳራሹ የወለል ሰም ይሸታል። ልጆቹ በየክፍላቸው ተደርድረዋል፣ ፊት ለፊት ክቡራን እንግዶች ተቀምጠዋል። አክስቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ቀሚስ የተቀደደባት ልጅ ብትኖር ብላ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትቆመው። አነቃቂዋ ገባች። ያገኘችውን ሁሉ አቀፈች፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ነካካች። አክስቴ ጋ ስትደርስ የአንገት ልብሷን አውልቃ እጇ ላይ ጣለችባት።

«እማማ፣ እስኪ ይቺን ያዢልኝ» አለቻት።

እማማ! በአንድ ዓመት ነው የምትበልጣት። አነቃቂዋ ፀጉሯን ቀለም ነክራ፣ አክስቴ ሽበቷን ይዛ፣ ልዩነታቸው ይኸው ነው። አክስቴ የአንገት ልብሱን አጣጥፋ ያዘች። ጥርሷን ስትነክስ አየኋት።

ንግግሩ ተጀመረ። መድረክ ላይ ወጥታ፣ ቀኝ እጇን ፀሐይዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ ያቺኑ የሬዲዮዋን ታሪክ ደገመችው። «ታላቄ ትሸፍነኝ ነበር» አለች። «ጥፋቴን በራሷ ላይ የምትወስድ ልጅ ነበረች።» ቢያንስ ይህንን አልዋሸችም። «ሞት ቀደማት እንጂ ዛሬ እዚህ ብትኖር በእኔ ትኮራ ነበር። ልጆቼ፣ እናንተም እንደ እሷ ሁኑ!» ብላ ክንዷን ወደ አዳራሹ ዘረጋች። ቁራጩንም ይዛው ነበርና አብሮ መጣ።

አንዷ ክር ተበጠሰች። ፀሐይዋ እጇ ላይ ቀረች።

«ወደቀ!» አለች ፊት ከተቀመጡት ትንንሾች አንዷ፣ አፏን ሳትይዝ።

ሹክሹክታው እስከ ኋላ ወንበር ሄደ። እህቷን የከዳች ልጅ ቁራጭ አይበረክትም። አነቃቂዋ ሳቀች፤ የለመደች ሴት ናት፣ ወዲያው ተቋቋመችው። «አያችሁ፣ መጋረጃውም አብሮኝ ተነሳሳ» አለች። ዳይሬክተሯ ግን ሕጉን ታውቃለችና ደንግጣ ወደ በሩ ተጣራች።

«እትዬ መርፌ! ኧረ ቶሎ በይልኝ!»

አክስቴ የአንገት ልብሱን ለእኔ ሰጠችኝና በመሃል መተላለፊያው ሄደች። ቀስ ብላ ነው የሄደችው፤ ይህንን መንገድ በልጅነቷ ልትሄደው ይገባት ነበር። መድረኩ ላይ ወጣች። ከአንገትጌዋ መርፌ ነቀለች፣ ክር አስገባች፣ ከዚያ ዳይሬክተሯን አየቻት።

«እኔስ እሰፋለሁ። ቋጠሮውን ማን ያስራል?»

«ታላቅዎ ነበሩ ማሰር የሚገባቸው» አለች ዳይሬክተሯ ለእንግዳዋ። «እንደነገሩን ግን አርፈዋል። እንግዲያው በሥርዓታችን መሠረት ስማቸውን ይጥሩልንና ሁላችንም እንቁም።»

አነቃቂዋ ዓይኗን ጨፈነች። ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። እኔ በሩ ጋ ሆኜ የአንገት ልብሱን እንዴት አድርጌ እንደጨመደድኩት እግዜር ይወቀው። ጠራችው። የአክስቴን ስም፣ ከነአባቷ፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፅዋ ጠራችው። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ።

«አቤት» አለች አክስቴ።

ጮክ ብላ አልነበረም። ግን ማይኩ ቅርብ ነበርና እስከ ጓሮ ተሰማ። ዳይሬክተሯ ክው አለች፤ የሠራተኞቿን ሙሉ ስም ታውቃለች። ልጆቹ «እትዬ መርፌ» እንጂ ሌላ ስሟን አያውቁም፤ ቢሆንም ሞታለች የተባለችው ሴት መርፌ ይዛ ስትቆም ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። አነቃቂዋ ዓይኗን ገለጠች። አንዴ የአክስቴን ፊት፣ አንዴ መርፌ የያዘ እጇን፣ እንደገና ፊቷን አየች። ቆሌዋ ተገፈፈ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ ክቡራን» አለች አክስቴ። «የሞተች ሴት መርፌ አትይዝም።»

መርፌዋን አንገትጌዋ ላይ መልሳ ሰካች፣ ከመድረኩ ወርዳ በመጣችበት ወጣች። እኔም ተከተልኳት። የአንገት ልብሱን በሩ ላይ ጥዬው።

ስፌት ክፍል ገብታ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ውኃ ሰጠኋት፤ ግማሹን አፈሰሰችው። በመስኮቱ የአዳራሹ ድምፅ ይሰማናል። ዳይሬክተሯ ዝግጅቱን በመዝሙር ለመዝጋት ሞከረች። ፒያኖው ጀመረ፣ የሚዘምር ግን ጠፋ። አንድ የክፍል አለቃ «መጋረጃው ቀዳዳ ነው፣ አይዘጋም» ስትል ሰማናት። ክቡራኑ ለመሄድ ሲነሱ ወንበር ተንኳኳ፤ ከልጆቹ ግን አንዲትም አልተነቃነቀችም። እነዚያ አክስቴ ስትጮህባቸው የሚያለቅሱ፣ እጥፋታቸውን የለቀቀችላቸው፣ ቁልፋቸውን የተከለችላቸው ልጆች ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። የመነሳሳት በዓል ላይ አለመነሳት! እንደዚያን ቀን በዚያ ትምህርት ቤት ኮርቼ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። አነቃቂዋ ናት፤ ፀሐይዋን በእጇ ይዛለች።

«እታለም» አለች። ያኔ በልጅነታቸው እንደዚያ ነበር የምትጠራት።

«ጠዋት እማማ አልሽኝ አይደል?» አለች አክስቴ።

«አላወቅሁሽም። እውነቴን ነው፣ የሞትሽ መስሎኝ…»

«ማን ነገረሽ?»

ዝም አለች። ዝም ማለት ድሮም ታውቅበታለች።

«ማንም አልነገረሽም። ራስሽ ነሽ የገደልሽኝ። ከነሕይወቴ ለንግግርሽ አልመችሽማ!»

አነቃቂዋ ማልቀስ ጀመረች። ይህኛው ለቅሶ ለሬዲዮ የሚሆን አልነበረም፤ ንፍጥ ያለው ለቅሶ ነው። እኔ ግን አላዘንኩላትም፣ መሀረብም አልሰጠኋት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እታለም። እዚሁ እግርሽ ላይ ልውደቅ።»

«እዚህ ማን ይሰማሻል? ካውያው?» አለች አክስቴ። «እኔ ሰው ፊት ነው የተባረርኩት።»

«እዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ምን ብዬ ልናገር?»

እስከዚያ አፌን ይዤ ነበር፤ አልቻልኩም። «የንግግር ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አልኳት። አክስቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ግን አልተቆጣችም፤ አውቃታለሁ።

አነቃቂዋ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ወጣች። ወደ መኪናዋ የምትሄድ መስሎኝ በመስኮቱ ተከታተልኳት። ወደ አዳራሹ ነው የሄደችው። አክስቴ የቆርቆሮ ሣጥኗን ከመሳቢያው አወጣች፣ ኪሷ ከተተች፣ ተነሳች።

ያን ቀን አነቃቂዋ አዳራሹ ውስጥ የተናገረችው በሕይወቷ ካደረገችው ንግግር ሁሉ የባሰ ነው። ተንተባተበች፣ ቃል ረሳች፣ ማይኩን ከአፏ አራቀችው። ነገሩ ግን ተሰማ። «ዘርፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «መቀሱ የእሷ ነበር። እሷ ዝም ስትል እጄን ማንሳት ነበረብኝ። ጫማዬን አየሁ። ተባረረች። እኔ በሚቀጥለው ዓመት እዚህ ቆሜ ተጨበጨበልኝ።» ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ የአክስቴን ስም እንደገና ጠራችው፤ በዚህ ጊዜ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«አቤት» አለች አክስቴ፣ ጉንዳኗን ይዛ ወጣች።

የሰፋቻት የት መሰላችሁ? ፀሐይዋ በወደቀችበት ቦታ፣ መሃል ለመሃል፣ በዓይን ቁመት። የጉንዳኗ ጨርቅ ከአጠገቡ ካሉት የተሻለ ነው፤ ፀሐይ አላየውም፣ እጅ አልነካውም። አነቃቂዋ ተንበርክካ ቋጠሮውን ልታስር ሞከረች፣ አቃታት፤ አስተሳሰሩን ረስታዋለች። ያቺ «ወደቀ» ያለችው ትንሽ ልጅ ከፊት ወንበር ሆና «ሁለቴ አዙሪው» አለቻት። ሁለቴ አዞረችው። ጠበቀ። ያኔ አዳራሹ ፈነዳ፤ ጭብጨባው፣ ጩኸቱ፣ የእግሩ ድብደባ ጣሪያውን የሚያነሳ ነበር። መዝሙሩም ተዘመረ።

ጩኸቱ መሃል አነቃቂዋ ፀሐይዋን በሁለት እጇ ለአክስቴ ዘረጋችላት።

«የኔስ፣ እታለም?»

አክስቴ ተቀበለቻት። አየቻት። የቆርቆሮ ሣጥኗን ከፈተች፣ ጉንዳኗ በኖረችበት ቦታ አስቀመጠቻትና ክዳኑን ገጠመችው።

«ገና ነው» አለቻት።

አነቃቂዋ እንጀራዋን ያጣች እንዳይመስላችሁ። እንደ እሷ ያለ ሰው ውድቀቱንም ንግግር ያደርገዋል፤ አሁን ይህንኑ ታሪክ ነው በየአዳራሹ የምትናገረው፣ አክስቴ ግን አትሞትም። በየዓመቱ በትምህርት ቤቱ ልደት ትመጣለች። ስፌት ክፍል ትገባለች፣ በር ላይ ቆማ «አሁንስ፣ እታለም?» ትላለች። አክስቴ ቀና ሳትል «ገና ነው» ትላለች። እኔ ያቺን «ገና» ለመስማት ዓመቱን ሙሉ እጠብቃለሁ። እንደ አዲስ ልብስ ደስ ትለኛለች።

ቆይቶ ግን በልደቱ ቀን ብቻ መምጣቷ ቀረ። መንገድ አለፈብኝ ብላ ትመጣለች፣ ዝናብ ያዘኝ ብላ ትመጣለች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ መነጽሯን አድርጋ መርፌ ላይ ክር ታስገባልናለች፤ የአክስቴ ዓይን ደክሟል። አክስቴ ትቆጣታለች። «ረዘመ! አጭር አድርጊው፣ እንደ ንግግርሽ አታንዛዢው!» ትላታለች። አንዳንዴ ስለዚያ ስለ ድሮው፣ እኔ ስለማላውቃቸው ልጆች እያወሩ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ሻይ ስሰጣት ሁልጊዜ አቀዝቅዤ ነው የምሰጣት። ቂሙ ለእኔ በውርስ የመጣ ነው፤ በወግ ሊያዝ ይገባል።

ባለፈው ሳምንት ክር ፍለጋ የመኪናውን መሳቢያ ከፈትኩ። የቆርቆሮ ሣጥኑ አለ። ከፈትኩት። ፀሐይዋ ታጥባለች፣ ተተኩሳለች፣ ጠርዟም እንዳይላላ በስሱ ተቀምቅሟል። መርፌ ተሰክቶባታል፣ መርፌው ላይ ክር ገብቷል። ክሩ አዲስ ነው፤ የዚህን ዓመት ክር አውቀዋለሁ፣ ራሴ ነኝ የገዛሁት። ለስፌት አንድም የቀረ ነገር የለም። ደሜ ፈላ። ሣጥኑን ይዤ ፊቷ ቆምኩ።

«ምንድነው ይሄ? ልትሰፊላት ነው እንዴ? እኔ አንቺን ብዬ እስከዛሬ ቀዝቃዛ ሻይ እያጠጣኋት…»

«አልሰፋላትም» አለች።

«እንግዲያስ ክሩን ለምን ትቀይሪዋለሽ?»

«እንዳይበሰብስ።»

«አይ፣ አክስቴ! ወይ ይቅር በያት ስፊላት፣ ወይ ጣይው ይለይለት። ሁሉ ነገሩ ተዘጋጅቶ ለምን አትሰፊላትም?»

አክስቴ ሣጥኑን ከእጄ ወስዳ ከደነችው። መሳቢያው ውስጥ መልሳ፣ በመስኮቱ ወደ ግቢው በር አየች።

«ከሰፋሁላት እኮ ትቀራለች» አለችኝ።